ኮፒ የተደረገው ሁሉ እንዳለ አይደርስም

ከእኛ ከሕክምና ተማሪዎች መካከል ለመመረቂያ ጽሑፉ መረጃ ከአንድ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ወደ ሌላው የማያሻግር የለም። ከዚህ ኮፒ፣ እዚያ ፔስት፤ ሥራው በዚህ ያለቀ ይመስለናል። ይህ አመኔታ ግን ከልክ ያለፈ ነው እንላለን።

አሠራሩን እንመልከት። ኮፒ የተደረገ ሠንጠረዥ ክሊፕቦርድ በሚባለው ጊዜያዊ ማኖሪያ ውስጥ ይቀመጣል። የሚቀመጠውም ብዙውን ጊዜ በልዩ ልዩ መልክ ሲሆን፣ ይኸውም እንደ ተራ ጽሑፍ፣ ከነቅርጹ፣ አንዳንዴም እንደ ሥዕል ነው። ከነዚህ የሚስማማውን የሚመርጠው ተቀባዩ ፕሮግራም ነው። መምረጥ ብቻም አይደለም፤ በጽሑፍ የደረሰውን «ይህ ቁጥር ነው፤ ያኛው ቀን ነው» እያለ ይፈርዳል። ስሕተቱ የሚወለደው ከዚህ ፍርድ ነው።

ለምሳሌ 004512 የሚል የካርድ ቁጥር ኤክሴል ላይ ሲለጠፍ 4512 ይሆናል። «ሴፕት2» የተባለው ጂን ሴፕቴምበር 2 ቀን ሆኖ ይጻፋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ የጂን ዝርዝር በኤክሴል ካያያዙ የጂኖም ምርምር ጽሑፎች አንድ አምስተኛ ያህሉ እንዲህ ያለ ስሕተት እንደነበረባቸው አሳይቷል። በ2020 የጂን ስያሜ ኮሚቴው «ሴፕት2»ን «ሴፕቲን2» ብሎ መለወጡን ይፋ አደረገ። ማይክሮሶፍት ይህን ልማድ ማጥፊያ የሰጠው በ2023 ነው። ፕሮግራሙ ከመታረሙ በፊት ሳይንስ ስሙን ለወጠ ማለት ነው!

የእኛ አገር መረጃ ደግሞ የራሱ አደጋ አለው። ከአገር ቤት ጤና ጣቢያ የመጣ 30/06/2016 የሚል የልደት ቀን የካቲት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ማርች 9 ቀን 2024 መሆኑ ነው። ቀንን ከወር የሚያስቀድም ፕሮግራም ግን ጁን 30 ቀን 2016 ብሎ ይቀበለዋል። በሕፃኑ ዕድሜ ላይ ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ተጨመረ። ቀኑ ትክክለኛ ቀን ስለሚመስል ፕሮግራሙ አንዳች ማስጠንቀቂያ አይሰጥም።

«ተማሪው ይጠንቀቅ እንጂ ሌላ ምን ያስፈልጋል?» የሚሉ አሉ። መጠንቀቅ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሌሊት ሁለት መቶኛውን ረድፍ የሚለጥፍ የደከመ ዓይን ጥንቃቄው አያዛልቀውም። የሚያዛልቀው ደንብ ነው። ዋናው ፋይል አይነካ። ዓምዱ አስቀድሞ «ጽሑፍ» ተብሎ ይወሰን፤ መረጃውም ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይለጠፍ። የዘመን አቆጣጠሩ በዓምዱ ራስ ላይ ይጻፍ። ረድፎቹ ከምንጩ ጋር ይቆጠሩ። በመጨረሻም መረጃውን ያልለጠፈ ሌላ ሰው ያመሳክር።

ማኅበራችን ይህን ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች በግማሽ ቀን ሊያስተምር ይችላል፤ ወጪም የለበትም። በየረድፉ ያለው ቁጥር የአንድ በሽተኛ ነው። በሽተኛው ደግሞ ሠንጠረዡን አይቶ «ይህ የእኔ ዕድሜ አይደለም» ሊለን አይችልም። ያንን ማለት ያለብን እኛ ነን።