«ኢፋትን በአምስት ዓመት ዋጥኳት» ለምትሉኝ

ሰሞኑን ኢንቦክሴን የሞላው አንድ ዓይነት መልእክት ነው። «ቲቸር፣ ኢዩ ፋይቭ ላይ ኢትዮጵያን ይዤ ኢፋትን በአምስት ዓመት ዋጥኳት።» ስክሪንሹቱ ይከተላል፤ ካርታው ከትግራይ እስከ ዘይላ አንድ ቀለም ሆኗል። ሁለት ቀን ሳይሞላ ደግሞ ሌላኛው ይመጣል፤ «ቲቸር፣ እኔ በኢፋት ገብቼ ዓምደ ጽዮንን ከዙፋን አወረድኩት።» የሁለታችሁም መዝጊያ ግን አንድ ነው፤ የሚቀጥለው አፕዴት የእናንተን ወገን እንዲያጠነክርላችሁ ትመኛላችሁ። ኮመንት ላይ ስትገናኙማ የምትሰዳደቡትን አይቻለሁ። አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ዴስክ ላይ ያስተማርኳችሁ ልጆች ናችሁ። ስለዚህ በየኢንቦክሱ ከምመልስ እዚሁ ሰው ፊት ልመልስ።

ጌሙን ለማታውቁት ወዳጆቼ በአጭሩ፦ ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ የስዊድኑ ፓራዶክስ የሚያወጣው የታሪክ ስትራቴጂ ጌም ነው። እንደሌሎቹ ጠመንጃ ይዘህ አትሮጥም። አገር ትሆናለህ፤ ግብር ትሰበስባለህ፣ ትዋዋላለህ፣ ትዋጋለህ፣ መቶ ዓመቶች ያልፋሉ። አራተኛው ከ1444 ይጀምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ የወጣው አምስተኛው መነሻውን ወደ 1337 ጎትቶታል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ የምጽፈው ጌሙ በዚያ ስለሚቆጥር ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ በኛ እጽፋለሁ።) 1337 ለእኛ ቀላል ዓመት አይደለም። ዓምደ ጽዮን ዙፋን ላይ ነው፤ ከኢፋት ጋር የተዋጋው ትልቁ ጦርነት ገና አምስት ዓመቱ ነው። ካራቆሬ ወይ ሸዋሮቢት ቁጭ ብሎ ካርታውን የሚያጎላ ልጅ የሚያየው የገዛ ሰፈሩን ነው።

አፕዴት መጠበቃችሁን አልቃወምም። ቅሬታችሁም እውነት አለው። ኢዩ ፎር በ2013 ወጥቶ፣ ኦሪጅንስ የተባለው የአፍሪካ ማስፋፊያ የመጣው በ2021 ነው፤ ስምንት ዓመት ጠበቅን። ኸርትስ ኦፍ አይረን ፎር ገና ሲከፈት 1936 ላይ የጣሊያን ወረራ እየነደደ ነው፤ ኢትዮጵያ ግን የራሷን የውሳኔ ዛፍ ያገኘችው ጌሙ ከወጣ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ያውም ከጣሊያንና ከስዊዘርላንድ ጋር በአንድ ጥቅል ተዳብላ ነው። ስዊዘርላንድ! ለአምስተኛው ቀድመው የተነገሩት ማስፋፊያዎችም ቢዛንታይን፣ የጅብራልታር ግራና ቀኝ፣ ስኮትላንድና ፈረንሳይ ናቸው። ወረፋው ረጅም ነው፣ አውቃለሁ።

የኔ ጠብ ሌላ ነው። ወረፋው ሲደርሰን ምን ልንጠይቅ ነው? እስካሁን ከእናንተ የሰማሁት፦ ለጭዋ ሠራዊት ተጨማሪ ኃይል፣ ለኢፋት ፈረሰኛ ተጨማሪ ኃይል፣ እስከ መካ የሚደርስ ተልእኮ፣ እስከ ኢየሩሳሌም የሚደርስ ተልእኮ። ይሄ ካርታ መቀባት ነው። ለካርታ መቀቢያ ደግሞ ኢትዮጵያም ኢፋትም አያስፈልጉም፤ ሁለት ባልዲ ቀለም ይበቃል።

አሁን ወደ 1332 እንሂድ። ክፍል ውስጥ አስተምሬዋለሁ፣ ግን ያኔ ግማሾቻችሁ ተኝታችሁ ነበር።

ነገሩ የተነሣው በመንገድ ነው። ከግብፅ የሚመለስ ትዕይንታይ የሚባል የንጉሡ መልእክተኛ ኢፋት ላይ ተያዘ፤ ያዢው ሐቅ አድዲን ነው። ቀጥሎ የመጣው ሰብር አድዲን ደግሞ ጦሩን አነሣ። በግዕዝ የተጻፈው የዓምደ ጽዮን የጦርነት ታሪክ ሰብር አድዲን ምን ብሎ እንደዛተ ይነግረናል፤ የንጉሡን መቀመጫ መርዓዴን ይዞ ጫት እንደሚተክልባት። ጫት! (ሸዋሮቢት ጫት ተራ የምትውሉ ወዳጆቼ፣ የእጃችሁ እንጨት ከሰባት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የጦርነት ዛቻ ነበር።) በኢዩ ፎር ቡና የንግድ ዕቃ ነው፤ ጫት የለም። እኔ አዘጋጅ ብሆን ለፈረሰኛው ተጨማሪ ነጥብ ከመስጠቴ በፊት ጫትን አስገባ ነበር።

እሺ፣ ዓምደ ጽዮን አሸነፈ፣ ሰብር አድዲን ተያዘ። እናንተ ብትሆኑ እዚህ ላይ «ዋጥ» የሚለውን ትጫናላችሁ። እሱ ምን አደረገ? የሰብር አድዲንን ወንድም ጀማል አድዲንን በቦታው ሾመ። ያው የወላስማ ቤት ቀጠለ። በዚያ ዘመን ከሱ የበለጠ ጦር ያለው በአካባቢው አልነበረም፤ ግን ኢፋትን ከካርታ አላጠፋትም።

ለምን? ቸር ስለሆነ አይደለም፤ ታሪኩን ያነበበ ሰው በቸርነት አይጠረጥረውም። ከዘይላ ወደ ደጋ የሚወጣውን ጨርቅና ዕቃ፣ ከደጋ የሚወርደውን ወርቅና የዝሆን ጥርስ የሚያሻግሩት የኢፋት ሰዎች ስለሆኑ ነው። በረሃውን፣ የግመሉን ውል፣ ከባሕር ማዶ ያለውን ነጋዴ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ባሪያም በዚያው መንገድ ያልፍ ነበር፤ ይቺን መስመር ዘላችሁ እንዳታነቡ፣ ሁለቱም ወገን ከሷ በልቷል። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት በ1972 ባሳተሙት መጽሐፍ የሰሎሞናዊው መንግሥት መስፋፋትና የንግዱ መንገድ ምን ያህል የተሳሰሩ እንደነበሩ ማየት ይቻላል። ነጋዴውን ገድለህ መንገዱን ብትይዝ የያዝከው አቧራ ነው።

በኋላማ ኢፋት ተዋጠች፤ ልክ እንደ ስክሪንሹታችሁ። ውጤቱስ? ሁለተኛው ሐቅ አድዲን ከዚህ ቆላ ለቆ ወደ ምሥራቅ ሄደ። ወንድሙ ሰዓድ አድዲን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዘይላ ላይ ተገደለ። ልጆቹ የመን ተሰደው ተመለሱ፤ አዳል የምንለው ኃይል ከዚያ ቆመ። በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ የሆነውን ታውቁታላችሁ። በመሀል ብዙ ነገር አለ፣ ሁሉንም በአንድ ክር አልጎትተውም። ግን በእኔ ግምት፣ ግብር እየከፈለ አጠገብህ የተቀመጠ ጎረቤት ጠፍቶ፣ ክንድህ የማይደርስበት ቦታ ላይ ቂም የያዘ ጠላት ተተካ። ጌሙ ይህን ያሳያችኋል? ኢፋትን የዋጠው ተጫዋች በሃምሳ ዓመቱ ተመቻችቶ ወደ ኑቢያ ይዞራል።

እኔ የምመኘው አፕዴት እንግዲህ ይሄ ነው፦ ከአንድ ቤት ውስጥ የትኛውን ወንድም ልሹም ብሎ የሚያስጨንቅ፣ ሹመቱን የተነፈገው ወንድም ወዴት እንደሚሸሽ የሚከታተል፣ መዋጥ ከማስገበር የበለጠ ዋጋ የሚያስከፍልበት።

ሌላም አለ። አምስተኛው ክፍል «ቁጥጥር» የሚባል ጥሩ ነገር ይዟል፤ ከመናገሻ ከተማህ እየራቅህ በሄድህ ቁጥር ትእዛዝህ ይደክማል፣ ግብሩ መንገድ ላይ ይቀራል። ለፓሪስ ልክ ነው። የዓምደ ጽዮን መናገሻ ግን ድንኳን ነው። ንጉሡ ይነሣል፣ ሺህ ሰው ይከተለዋል፣ ያረፈበት አገር ቀለቡን ያቀርባል፣ ሲደክም ደግሞ ወደ ሌላው ይሄዳሉ። ትእዛዙ የሚጠነክረው እሱ የሰፈረበት ላይ ነው። ለኢትዮጵያ በሚመጣ በእያንዳንዱ አፕዴት መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት ይሄ ነው፣ የጦሩ ብዛት አይደለም።

መልክዓ ምድሩም እንደዚያው። ከመንዝ ደጋ ወደ ይፋት ቆላ መውረድ በስክሪን ላይ የአውራ ጣት ስፋት ነው። በእግሩ የወረደው ይንገራችሁ፤ ጠዋት ጋቢ፣ ከሰዓት ላብ። እሑድ ሰንበቴ ገበያ ሄዳችሁ ቁሙ። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አፋሩ ከየአቅጣጫው ይመጣል፤ እህሉ ከላይ፣ ከብቱና ግመሉ ከታች። ኢፋት ማለት ይሄ ገበያ ነበር። «ኢፋት የኛ ናት» እየተባባላችሁ የምትሰዳደቡት፣ ሁለታችሁም እናቶቻችሁ የሚገበዩበት ቦታ ላይ ነው።

የሚያናድደኝ ወደሆነው ልምጣ። ኢዩ ፎር ውስጥ ጦር ያለፈበት አገር «ውድመት» የሚባል ቁጥር ይለጠፍበታል። ሰላም ሲሆን ቁጥሩ በየወሩ እየቀነሰ ይሄድና ዜሮ ይገባል። አለቀ፤ አገሩ እንደነበረ ሆነ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ካራቆሬም አልቀረላትም። ይህን ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ከእናንተ መሀል ደብተሩ ከነቤቱ የነደደበት አለ። ቆርቆሮው ተመልሶ ተመቷል፣ ሱቁ ተከፍቷል። ግን እናንተው ታውቃላችሁ፤ ማን ከማን ጋር ቡና መጠጣት እንዳቆመ፣ የትኛው ቤተሰብ ሄዶ እንዳልተመለሰ። ይህን ያየ ልጅ ማታ ላፕቶፕ ከፍቶ የዚያኑ ቆላ ስም በመንደር መንደር እያቃጠለ «ቲቸር እዩልኝ» ሲለኝ ምን ልበለው? ተጫወት፣ አልከለክልህም። ግን የምትመኘው አፕዴት ማቃጠሉን የሚያቀልልህ ከሆነ አልደግፍህም።

(«አስተማሪ ሆኖ ስለ ጌም ይጽፋል» ለምትሉ ባልደረቦቼ፦ የመማሪያ መጽሐፉ ለኢፋት የሰጠውን ቦታ ቁጠሩና ተመለሱ። ሰብር አድዲን ማነው ብሎ ከክፍል ውጭ የጠየቀኝ ተማሪ ሁሉ ከጌም የመጣ ነው።)

በመጨረሻ ሥራ ልስጣችሁ። አምስተኛውን ክፍል የሠሩት ሰዎች ጌሙ ሳይወጣ በፊት ካርታዎቹን በየአካባቢው እያወጡ ተጫዋቹን አስተያየት ጠይቀዋል፤ ምንጭ ይዞ የተከራከረ ሰው ድንበርና የቦታ ስም አስለውጧል። ፖላንዱ ወረዳውን እየጠራ ጻፈ። እኛስ? እዚሁ ይፋት ውስጥ ግድግዳው ዛሬም የቆመ መስጊድ ያለው ኖራ የሚባል የፈረሰ ከተማ አለ። የወላስማ ገዢዎች መቃብር ያለበት በሪ ኢፋት አለ። ፎቬልና ኢርሽ የሚባሉ ፈረንሳዮች መጥተው አጥንተው ጽፈውታል። ከእናንተ ስንታችሁ ሄዳችሁ አያችሁት? ጌም ላይ ኢፋትን መቶ ጊዜ የዋጠው ልጅ ኖራን አንድ ጊዜ አልረገጣትም።

ስለዚህ፦ ከየቀበሌያችሁ የድሮ የቦታ ስም፣ የድሮ የገበያ ቀን፣ የግመል መውረጃ መንገድ፣ የፈረሰ ካብ የምታውቁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ የክርስቲያኑንም የሙስሊሙንም፣ አርጎባ ጎረቤት ያላችሁ እሱንም። ደብረ ብርሃንና ወሎ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ደግሞ ላይብረሪ ገብታችሁ ምንጩን ገጹን ጠቅሳችሁ አምጡ፤ ያለ ምንጭ የሚሰማን የለም። እንግሊዝኛው የሚሆንላችሁ ሁለት ልጆች እፈልጋለሁ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ አብረን እንቀመጣለን፤ ባትሪው የሚቆይ ላፕቶፕ ያለው ቢመጣ ይመረጣል፣ መብራቱን ታውቁታላችሁ። ኮመንት ላይ ስድብ ካየሁ ግን አጠፋለሁ፣ የጻፈውንም ልጅ በስሙ አውቀዋለሁ።