ወረቀት ሕመም አያስታግስም

የአሜሪካዋ ፍሎሪዳ እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ሕግ አወጣች። ሐኪሙ ኦፒዮይድ፣ ማለትም ከሞርፊን ወገን የሆነውን ሱስ አስያዥ ማስታገሻ፣ ከማዘዙ በፊት ሌላ አማራጭ መኖሩን ለታካሚው ይንገረው፣ በራሪ ወረቀትም ይስጠው ይላል። ጥሩ። ምክሩን ሰምቶ ፋርማሲ ለሄደው ሰውስ ማን ይክፈልለት?

በጥር 2025 የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ጆርናቭክስ የተባለ ኦፒዮይድ ያልሆነ ክኒን ፈቀደ። አንዷ ፍሬ ገበያ ስትወጣ 15 ዶላር ከ50 ሳንቲም ተተመነች። (ተአምር አይደለችም፤ በሙከራ ከሃይድሮኮዶንና ፓራሲታሞል ቅልቅል አልበለጠችም። የሱስ ምልክት ግን አልታየባትም።) የቆየው ኦፒዮይድ በሳንቲም ይገኛል። ኢንሹራንሱ ርካሹን ያለ ጥያቄ ያሳልፋል፤ ለውዱ ሲሆን «ቅድመ ፈቃድ አምጣ»፣ «መጀመሪያ ርካሹን ሞክር» ይላል። ትናንት ቀዶ ሕክምና አድርጎ ሌሊቱን ሲያቃስት ያደረ ሰው ፈቃድ እስኪመጣ ቀን ይቆጥራል? ያገኘውን ይውጣል እንጂ!

ገንዘብ የለም የሚሉ አሉ። ግዛቶቹ ከጆንሰን ኤንድ ጆንሰንና ከሦስት ትልልቅ አከፋፋዮች ጋር የተስማሙበት የኦፒዮይድ ካሳ ብቻውን እስከ 26 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል። ለአረጋውያን የሚከፍለው ሜዲኬርም ከጥር 2025 ጀምሮ፣ ታካሚው ሳይተኛ በሚደረግ ቀዶ ሕክምና፣ ለተወሰኑ ኦፒዮይድ ያልሆኑ ማስታገሻዎች ለብቻው መክፈል ጀምሯል። አይቻልም የሚባል ነገር አይደለም።

የግዛት ምክር ቤቶች በራሪ ወረቀቱን ይተዉትና አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፦ ኢንሹራንስ ኦፒዮይድ ላልሆነው ማስታገሻ ከኦፒዮይዱ የበለጠ ፈቃድም ሆነ ከታካሚው ኪስ የበለጠ ክፍያ አይጠይቅ።