በርካሽ ጠመንጃ አትሳቁ፣ ርካሹን መነጽር ግን ተዉት

በመጀመሪያ አንድ ነገር ይታወቅልን። እኛ ጠመንጃ አንነግድም። በሞያሌም፣ በመተማም፣ በጋላፊም ጠመንጃ ደብቆ የሚያሻግር ሰው የእኛ ሰው አይደለም። ኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አላት፤ ኬንያም የስፖርት አደንን ከዘጋች ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ወሬው የመጣው ከኮሎራዶ ነው።

እዚያ ያሉ ወንድሞቻችን ፈቃድ አውጥተው፣ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ማደን ከጀመሩ ቆይተዋል። ዕቃ የሚያውቅ ሰው ሲፈልጉ እኛን ይጠይቃሉ። ሰሞኑን አንዱ ሊገዛው ያሰበውን የሩገር አሜሪካን ፎቶ ላከልን። ገሚሶቻችን ሳቅን። «ሰደፉ ፕላስቲክ! ቲካ እያለ ይሄ ይገዛል?» «ርካሽ ሁለቴ ያስገዛል።» ይህንን የምንጽፈው ለሳቂዎቹ ነው፤ የገዛ ባልደረቦቻችን ስለሆኑም አናባብላቸውም።

ዋጋውን እንይ። ሳቬጅ አክሲስና ሩገር አሜሪካን ከ400 እስከ 600 ዶላር አካባቢ ይገኛሉ። የፊንላንዱ ቲካ ቲ3ኤክስና የስፔኑ በርጋራ ቢ-14 ብዙ ጊዜ ከ800 ይጀምራሉ። ልዩነቱ 400 ዶላር ገደማ ነው። በወር በወር ለእናቱ ገንዘብ ለሚልክ ሰው 400 ዶላር ቀላል ነው የሚል ካለ እስቲ ይላክልን።

ያ ገንዘብ ምን ይገዛል? ሱቅ ውስጥ የሚዳሰስ ነገር ይገዛል። የቲካን መቀርቀሪያ ስትስቡት ዘይት እንደጠጣ ማጠፊያ ድምፅ ሳያሰማ ይንሸራተታል፤ የአክሲሱ እየፋቀ ነው የሚመጣው። ምላጩም ይለያል። ይህን አንክድም። ግን ሻጭ ነን፤ ገዢ ከገበያ ላይ የሚወስነው በእጁ በዳሰሰው እንደሆነ እናውቃለን። ጨርቅ ስንሸጥ መጀመሪያ የምናስነካው ለምን ይመስላችኋል?

ኢላማ መምታት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቲካ በ100 ሜትር ሦስት ጥይት ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ውስጥ እንደሚያሳርፍ ዋስትና ይሰጣል። ርካሹ የዚያን እጥፍ ያጠፋል እንበል፤ ብዙውን ጊዜ እንዲያውም ከዚያ ይሻላል። በ200 ሜትር 12 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። የኤልክ ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ከ30 ሴንቲ ሜትር አያንስም። አየሩ ቀጭን በሆነበት ተራራ ላይ ሲያለከልክ የደረሰ ሰው፣ ሳይደገፍ ቆሞ ቢተኩስ፣ የሚስተው በጠመንጃው ጥፋት ነው? የአያቶቻችን ምንሽር ሰደፉ በጠፍር ተጠፍሮ ነበር የሚያነጣጥሩበት።

ደግሞ ርካሽ የሆነው ሁሉ በማጭበርበር አልረከሰም። ሳቬጅ ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከሞዴል 110 አንሥቶ፣ አፈሙዙን በዳዶ ነው የሚያስረው። ያ ዳዶ ብዙ የባለሙያ እጅ ሥራ ያስቀራል፤ ልኩም ሳይዛነፍ ይቀመጣል። ማንኛውም ጋራዥ የሠራ ሰው ይህን ይረዳዋል። በስም የምትኮሩት ደግሞ ስሙት፦ ዌዘርቢ ቫንጋርድን የሚሠራው የጃፓኑ ሆዋ ነው፤ ያው ሆዋ በራሱ ስም 1500 የሚባለውን ይሸጣል። ከአንድ ፋብሪካ የወጣ ዕቃ ሁለት ስም ለብሶ ሲሸጥ ማየት ለእኛ አዲስ ነው እንዴ?

ሳቂዎቹ እውነት ያላቸው በሁለት ነገር ነው። የርካሹ ፕላስቲክ ሰደፍ ይለምጣል፤ ማንገቻውን አጥብቆ ለሚተኩስ ሰው ሰደፉ አፈሙዙን ነክቶ ጥይቱን ሊያዛንፍበት ይችላል። ሁለተኛው መልሶ መሸጥ ነው፤ መካከለኛው ዋጋውን ይይዛል። ስለዚህ በደንብ የተያዘ አሮጌ ቲካ ካገኛችሁ ውሰዱ፣ አንከራከርም። (ትርፍ ካዝና ስትገዙ ግን ዋጋውን አይታችሁ እንዳትደነግጡ፤ እሱም ፕላስቲክ ነው።)

እኛን የሚያናድደን ሌላ ነው። ጠመንጃና መነጽር አንድ ላይ ተጠቅልሎ በአንድ ዋጋ የሚሸጠው! ከመካከላችን የአንዱ ወንድም እንዲህ ያለውን ገዛ። በሠፈሩ መተኮሻ ቦታ አስተካከለው፣ በፒክአፕ በኮረኮንች ሦስት ሰዓት ተጓዘ፣ ደርሶ እንደገና አልሞከረውም። መነጽሩ ከቦታው ተንሸራትቶ ኖሮ እንስሳዋን ሆዷ ላይ መታት። ደሟን እየተከተለ እስኪጨልም ፈለገ። በማግስቱም ፈለገ። አላገኛትም። ስልክ ደውሎ ሲነግረን ያለቀሰው ስለ ገንዘቡ አልነበረም። ያ ጠመንጃ ዛሬም ቤቱ አለ፤ መነጽሩንና ማሰሪያውን ለወጠ፣ አሁን ደህና ይመታል።

እንግዲህ 400 ዶላሩን እዚያ ላይ አውሉት እንላለን። ውርጭና ጉም የሚችል መነጽር፣ የማይላላ ማሰሪያ፣ የቀረው ጥይት። ባለ 20 ጥይት አምስት ፓኮ ገዝቶ ከመስከረም በፊት በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ተቀምጦ፣ ዛፍ ተደግፎ የተለማመደ ሰው በሩገሩ አያፍርም።

ፎቶውን የላከልን ወንድማችን ሩገሩን ገዝቷል። ሳቂዎች ሆይ፣ መልስ ጻፉልን፣ እናወጣዋለን። ግን ከቲካችሁ ዋጋ በፊት ባለፈው ዓመት ስንት ጥይት እንደተኮሳችሁበት ጻፉ።