ክሬቲን ዳገት አያስወጣም

ከገላን ኮንዶሚኒየም ተነስቶ በደብረ ዘይትና በአዳማ አድርጎ ወደ አርሲና ባሌ የሚዘልቅ ሰው የደጋ አጋዘን አገር ይገባል። ይህ ከኢትዮጵያ ውጪ የማይገኝ እንስሳ በአብዛኛው የሚውለው 3000 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ላይ ነው። ያለ ፈቃድ መግደሉ ወንጀል ነው። በፈቃድ የሚያድነው እንግዳም ሆነ መንገድ የሚመራውና ጓዝ የሚሸከመው የአገሬው ሰው ግን ቀኑን በዳገት ነው የሚያሳልፈው። ለዚህ ጉዞ ጂም የሚሠሩ ወጣቶች የሚወስዱት ክሬቲን የሚባለው ዱቄት ይጠቅማል? የዝግጅት ክፍላችን ፍርድ አጭር ነው፦ ገንዘብ የሚወጣበት አይደለም።

ክሬቲን ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው፣ ከሥጋና ከዓሣም የምናገኘው ነገር ነው። ጡንቻ ውስጥ ተቀምጦ ለጥቂት ሰከንድ የሚሆን ፈጣን ጉልበት ያቀብላል። ብረት የሚያነሳና አጭር ርቀት የሚሮጥ ሰው ይጠቀምበታል። ሙሉ ቀን ዳገት የሚያስወጣው ግን ኦክስጅን ነው፤ ደጋው ላይ የሚያጥረውም እሱ ነው። ዱቄቱ በጡንቻ ውስጥ ውሃ ስለሚይዝ መጀመሪያ ላይ አንድ ሁለት ኪሎ ሊጨምር ይችላል። ያንን ኪሎ ሽቅብ የሚሸከመው ያው እግር ነው።

ለብረት አንሺው ፍርዳችን ይለያል። ጤነኛ አዋቂ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ከልምምድ ጋር ቢወስድ ጉልበቱ ይጨምራል። ሥጋ የማይበሉ ሰዎች በጡንቻቸው ያለው ክምችት አነስተኛ ስለሆነ ለውጡ በእነሱ ላይ ይጎላል። ሁዳዴን 55 ቀን ለሚጾም ወጣት ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ዱቄቱም በፋብሪካ የሚቀመም እንጂ ከሥጋ የሚወጣ አይደለም። ሆኖም ሽሮና ምስሩን ትቶ የምሳውን ብር ለዱቄት የሚያውል ወጣት ሲያጋጥመን ያሳዝነናል። ምግብን አይተካም። ማሸጊያው የተከፈተ፣ ጽሑፉም የማይነበብ ከሆነ አይገዛ። ኩላሊቱን የሚታመም ሰው ሐኪም ሳያማክር አይንካው። የሚወስድም ሰው የደም ምርመራ ሲያደርግ ይናገር፤ ኩላሊቱ ደህና ሆኖ ሳለ ክሬቲኒን የሚባለው ልኬት ከፍ ሊል ይችላልና።

ለባሌ የሚዘጋጅ የገላን ነዋሪ ወጪ የሌለው መለማመጃ ደጁ ላይ አለለት። ጓዙን በጀርባው አዝሎ የሕንፃውን ደረጃ ከምድር እስከ ላይ ይመላለስ፤ በሳምንት ሦስት አራት ቀን፣ ጉዞው ሁለት ወር ሲቀረው ጀምሮ። ደጋው ሲደርስም ሁለት ሦስት ቀን አየሩን ሳይለምድ ሽቅብ አይጀምር።