የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ስለ ስላይድ ትምህርትና ስለ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች

በአብነት ትምህርት ቤት ዐይነ ስውሩ ደቀ መዝሙር ዜማውንና ቅኔውን ከመምህሩ አንደበት በቃሉ እየተቀበለ፣ በጊዜውም ራሱ ጉባኤ ዘርግቶ ለማስተማር ይበቃ የነበረው፣ ዕውቀቱ ከአፍ ወደ ጆሮ የሚተላለፍ ስለ ነበረ ነው፤ ዛሬ ግን መምህሩ በግድግዳው ላይ የበራውን ስላይድ በጣቱ እያመለከተ «ይህን ተመልከቱ» ብሎ ሲያልፍ፣ ያው ተማሪ በጉባኤው መካከል ተቀምጦ ሳለ ከጉባኤው ይለያል።

በዚህ እትም የቀረቡት ጽሑፎች ለእያንዳንዱ ስላይድ የራሱን ርእስ ስለ መስጠት፣ ለሥዕል መግለጫ ስለ ማኖር፣ የፊደሉና የመደቡ ቀለም ንጽጽር ቢያንስ 4.5 ለ1 እንዲሆን ስለ ማድረግ፣ መስማት ለተሳናቸውም በቪዲዮ ግርጌ ንግግሩን ስለ መጻፍ ያትታሉ። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የፊደላችን ነገር ነው፤ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ ከገባ በኋላ እንኳ፣ በቀድሞዎቹ ፎንቶች የተጻፈ ማስታወሻ እንዳለ ወደ ስላይድ ሲገለበጥ፣ ለዐይን መልካም አማርኛ መስሎ የሚታየው ቃል በውስጡ የላቲን ፊደልና ምልክት በመሆኑ፣ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነበው ፕሮግራም ትርጉም አልባ ድምፅ ያሰማል፤ ተማሪውም ጉድለቱ ከማን እንደ ሆነ ሳያውቅ ይቀራል።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን እ.ኤ.አ. በ2010 ስላጸደቀች፣ ስላይድን ለሁሉም ተማሪ እንዲደርስ አድርጎ ማዘጋጀት የፍትሕ ጉዳይ ነው። ስለዚህ የተከበራችሁ መምህራን፣ ስላይዳችሁን ከትምህርቱ ሰዓት አስቀድማችሁ ለተማሪዎቻችሁ እንድትሰጡ፣ በክፍልም የሚታየውን ሁሉ በቃል እንድትተርኩ በትሕትና እንለምናለን።