የሥራ ሰዓትና የሕክምና ዘርፍ ምርጫ

በአሜሪካ የሕክምና ተማሪዎች ዘንድ የራዲዮሎጂ፣ የዓይን፣ የሰመመንና የቆዳ ሕክምና ዘርፎች ምቹ ኑሮ በማስገኘት ይታወቃሉ። ይህን ምርጫ ስንፍና ብሎ መኰነን ተገቢ አይመስለኝም። በዚያው አገር የሬዚደንት ሐኪሞች ሥራ በሳምንት በአማካይ ከ80 ሰዓት እንዳይበልጥ በመላ አገሪቱ የተወሰነው ገና በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ሰማንያ፣ ያውም ተገድቦ! እንቅልፍ ያጣ ሐኪም ለበሽተኛውም አደጋ ነው።

ይሁንና የፊዚክስ መምህር ነኝና፣ ለሰዓቱ ሲሉ ራዲዮሎጂን ለሚያስቡ አንድ ነገር ልበል። ዘርፉ የቆመው በኤክስሬይ፣ በኤምአርአይና በአልትራሳውንድ ፊዚክስ ላይ ነው፤ ከፊዚክስ ለመሸሽ ሕክምና የገባ ተማሪ እዚያ መልሶ ያገኘዋል። ደግሞም በጭንቅላቱ ውስጥ ደም የፈሰሰበት ሰው እስኪነጋ አይጠብቅም፤ የሲቲ ስካን ምስሉን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የሚያነብለት ሐኪም ያስፈልጋል። ውድ ተማሪዎች፣ ከመወሰናችሁ በፊት አስፈቅዳችሁ አንዲት ሌሊት ከተረኛው ራዲዮሎጂስት አጠገብ ተቀመጡ።