ሰሌዳው የማይናገረው፦ የሒሳብ ማረጋገጫ ትምህርት በኤደን

በየመን የኤደን ዩኒቨርሲቲ መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1970 የተከፈተው የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱ የተቋቋመው በ1975 ነው። ዛሬም የሒሳብ መምህራንን ያፈራል። ለዕጩዎቹ ከስሌት ይልቅ የሚከብደው ማረጋገጫ ነው። ዐረቦች ማረጋገጫን «ቡርሃን» ይሉታል፤ ቃሉ ከግዕዙ «ብርሃን» የተወሰደ መሆኑን የሚያስረዱ የቋንቋ ሊቃውንት ጥቂት አይደሉም።

ያ ብርሃን በንግግር ውስጥ የት እንደሚጠፋ በአሜሪካ የተካሄደ ጥናት ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ በሆነው በዚህ ጥናት ተመራማሪዎች የአንድ ፕሮፌሰርን የከፍተኛ ሒሳብ ትምህርት በቪዲዮ ቀርጸው መርምረዋል። ፕሮፌሰሩ በሰሌዳ ላይ የጻፉት የማረጋገጫውን ቅደም ተከተል ነበር፤ ያ መንገድ ለምን እንደተመረጠ ያስረዱት ግን በአብዛኛው በቃል ነው። ተማሪዎቹ የሰሌዳውን ጽሑፍ ገለበጡ፤ ዋናው ሐሳብ አመለጣቸው።

በኤደን ይህ ግኝት ክብደቱ ይጨምራል። ከጦርነቱ በፊት አንድ ዶላር በ215 ሪያል ገደማ ይመነዘር ነበር፤ በ2025 አጋማሽ በከተማዋ ከ2 ሺህ 500 ሪያል አልፏል። ደመወዛቸው የመነመነባቸው መምህራን ሥራ ሲያቆሙ የተማሪው መጠጊያ ከሌላ የተገለበጠ ማስታወሻ ይሆናል። ማስታወሻው ደግሞ የሰሌዳው ግልባጭ እንጂ የመምህሩ ቃል አይደለም።

የደመወዙ ጥያቄ መልስ ያሻዋል። ሆኖም የእያንዳንዱን እርምጃ ምክንያት ከማረጋገጫው ጎን በሁለት መስመር ማስፈር ጠመኔ እንጂ በጀት አይጠይቅም። የዛሬው ዕጩ ነገ በክሬተር ወይም በሼክ ኦስማን ክፍል ውስጥ ቆሞ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ሕፃን ይገጥመዋል።